ኑኃሚንን ዘለልናት



ባለፉት አራት እሁዶች መጽሐፈ ሩትን አብረን አንብበናል። አራት ምዕራፍ፣ አራት እሁድ። ማዳሟ እሁድ የማትለቃት እህታችንም በስልክ ድምፅ እየላክንላት ተከታትላለች። ደስ የሚል ጊዜ ነበር። ግን ጥናቱ ካለቀ በኋላ አንድ ነገር ውስጤ ቀረ። ጥናቱን የሚመራው ወንድማችን ደግሞ «እንግዲያው ጻፊውና በወረቀቱ ይውጣ» አለኝ። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ እንጂ መጻሕፍትን የመረመርኩ ሰው አይደለሁም፤ ከተሳሳትኩ እሁድ ንገሩኝ።

የምለው ይህን ነው። መጽሐፉን ያነበብነው ሩትን ብቻ እያየን ነው። ኑኃሚንን ዘለልናት። መጽሐፉ ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የአንዲት ከሰው አገር የተመለሰች ሴት ታሪክ ነው፤ እሷም ኑኃሚን ናት።

ለምን ሩትን እንዳየን ይገባኛል። በሰው አገር፣ በሰው ማሳ፣ ከአጫጆች ኋላ እየሄደች የወደቀውን የምትለቅም ሴት ናት። ራሳችንን አየን። ቦዔዝ ጎልማሶቹን እንዳይነኳት እንዳዘዘ ሲነበብ (2፥9) ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ዝም አለ፤ ለምን ዝም እንደተባለ መጻፍ አያስፈልገኝም። ሩት ለኑኃሚን አልለይሽም ያለችበት ቦታ ላይ ደግሞ ያላለቀሰ ሰው አልነበረም። ይህ ሁሉ ልክ ነው። ግን እስቲ አስቡት፤ ሩት ወደ ቤቷ አልተመለሰችም። ሞዓብን ትታ ወጣች፣ በዚያው ቀረች፣ እዚያው አገባች፣ እዚያው ወለደች። ከእኛ መካከል እዚህ የሚቀር ስንት ሰው አለ? ኮንትራቱ ያልቃል፣ ኢቃማው ያልቃል፣ ጉልበቱም ያልቃል፤ ከዚያ እንመለሳለን። ዛሬ ሩት ብንሆንም ነገ ኑኃሚን ነን።

እርሳስ ይዛችሁ ቁጠሩ። መጽሐፈ ሩት 85 ቁጥር አለው። ረሃቡ፣ ስደቱ፣ የአቤሜሌክ ሞት፣ የልጆቹ ጋብቻ፣ አስር ዓመት ያህል የሞዓብ ኑሮ፣ የሁለቱ ልጆች ሞት፣ ይህ ሁሉ በመጀመሪያዎቹ 5 ቁጥሮች ያልቃል። አስር ዓመት በአምስት ቁጥር! በቁጥር 6 ላይ ኑኃሚን በአገሯ እንጀራ መገኘቱን ሰምታ ትነሳለች። ከዚያ ያሉት 80 ቁጥሮች በሙሉ መንገዱ፣ ከተማ መግባቱ፣ የመጀመሪያው መኸር፣ የመሬቱ ጉዳይ፣ የጎረቤቱ ወሬ ናቸው። ጸሐፊው በሞዓብ ምን እንደበሉ፣ ማን እንደበደላቸው፣ ስንት እንዳገኙ አንድም አልነገረንም። የሚያስጨንቀው ከተመለሰች በኋላ ያለው ነው።

እኛ ተቃራኒውን ነው የምናደርገው። እሁድ ዶራ ስንገናኝ ዓመቱን ሙሉ ስለዚህ አገር እናወራለን፤ ስለ ማዳም፣ ስለ ኢቃማ፣ ስለ ዶላር ዋጋ። ስለ መመለስ ስናወራ ግን የምናወራው ስለ ሻንጣ ነው። ስንት ኪሎ ይፈቀዳል? ለማን ምን ይገዛል? ብርድ ልብሱ ይያዛል አይያዝም? ሻንጣው ቤት ውስጥ ተከፍቶ ሁሉም የየድርሻውን ይዞ ከሄደ በኋላ፣ ማታ ባዶው ሻንጣ አልጋ ሥር ሲገባ ምን እንደሚመጣ የሚያወራ የለም። እኔ አንድ ጊዜ ተመልሼ አይቼዋለሁ። ለዚህም ነው ኑኃሚን ስትነቀፍ ዝም ማለት ያቃተኝ።

ምዕራፍ አንድን ስናነብ አንዷ እህታችን «ኑኃሚን አመስጋኝ አይደለችም። ያቺ የመሰለች ልጅ አጠገቧ ቆማ እንዴት ባዶዬን መጣሁ ትላለች?» አለች። ብዙዎቻችን ራሳችንን ነቀነቅን። እኔም ነቀነቅሁ። ማታ ቤት ገብቼ ዕቃ ሳጥብ ግን ተጸጸትኩ፤ ምክንያቱም ያንን ቃል እኔም ብዬው አውቃለሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ የመጣሁት በ19 ዓመቴ ነው። ሦስት ዓመት ሠራሁ፣ በወር 150 ዶላር። ሁለት ሁለት ወር እያጠራቀምኩ ለታላቅ ወንድሜ እልክ ነበር፤ ሐይቅ ላይ ቤት እንዲሠራልኝ። ስመለስ የቆየኝ መሠረት ብቻ ነበር። ድንጋዩ ላይ ሣር በቅሎበታል። ማንም አልሰረቀኝም፤ ቢሰርቁኝ ይሻለኝ ነበር፣ የምጣላው ሰው አገኝ ነበርና። ገንዘቡ የታናሽ እህቴ ትምህርት ሆኗል፣ አንድ ክፉ ዓመት እህል ሆኗል፣ የእማዬ የዓይን ሕክምና ሆኗል። እማዬ ሞራ ይዟት ዓይኗ ጠፍቶ ነበር፤ ደሴ ወስደው አሳከሟት።

አንድ ቀን ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተሰብስቦ ሳለ አንዷ ሴትዮ «እንግዲህ ምን ይዘሽ መጣሽ?» አለችኝ። «ምንም። ባዶዬን ነው የመጣሁት» አልኳት። እማዬ ረከቦቱ አጠገብ ነበረች። ቀና ብላ አየችኝ፤ በዚያ በተሠራው ዓይኗ አየችኝ። ከዚያ ምንም ሳትል ጀበናውን ይዛ ወጣች።

አሁን ወደ መጽሐፉ እንመለስ። 1፥21ን ስታነቡ የሩትን ፊት ፈልጉት። የለም። ኑኃሚን ለከተማው ሴቶች ሙሉ ሆና ወጥታ ባዶ ሆና እንደተመለሰች ስትናገር ሩት አጠገቧ ናት፤ ምን እንደተሰማት ግን አልተጻፈም። ሩት ምንም አትመልስም። እኔ ይህ ዝምታ የመጽሐፉ ትልቁ ቦታ ነው እላለሁ። ጸሐፊው ኑኃሚንን አልገሠጻትም፤ ሩትንም አላስለቀሳትም። ኑኃሚን ያለችው እውነት ነው፤ ባል የለ፣ ልጆች የሉ። ደግሞም እውነት አይደለም፤ አንዲት ሰው አጠገቧ አለች። ሁለቱንም አስቀምጦ አለፈ። የተመለሰ ሰው ባዶ ነኝ ሲል የሚቆጥረው ይዤው እመጣለሁ ብሎ ያሰበውን ነው፤ በእጁ ያለው አይታየውም። ይህንን ምስጋና ማጣት ማለት ቀላል ነው። እኔ ግን ገና ከመንገድ ያልደረሰ ሰው ነው እላለሁ፤ ሥጋው ገብቷል፣ ሐሳቡ አልገባም።

ከተማው እንዴት እንደተቀበላትም ተመልከቱ። 1፥19 ላይ ሰዉ ሁሉ ይንጫጫል፣ ሴቶቹ ይቺ እሷ ናት እንዴ ይባባላሉ። እንኳን ደህና መጣሽ የሚል ቃል ግን ምዕራፉን ከላይ እስከ ታች ብትፈልጉ አታገኙም። ማን ቤት እንዳደረች አልተጻፈም። እኛ ሰፈር እንኳን ደህና መጣሽ ይባላል፣ ዶሮ ይታረዳል፣ ሳምንት እንግዳ ነሽ። ከሳምንት በኋላ ግን ያው የሴቶቹ ጥያቄ ይመጣል። «ከሳሽ»፣ «ጠቆርሽ»፣ «አነጋገርሽ ተለወጠ»። እኔ ሳላስበው «ያላ» እል ነበር፤ ልጆቹ ያንን ይዘው ስም አወጡልኝ። ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት እነቃለሁ፣ የሚጠራኝ የለም፣ ግን ተኝቼ መቆየት አልችልም። ተነስቼ ያልቆሸሸ ዕቃ አጥባለሁ። እህቴ «ምን ሆነሻል? እንግዳ እኮ አይደለሽም፣ ተኚ» ትለኛለች። የገዛ እናቴ ቤት ውስጥ የት መቀመጥ እንዳለብኝ ጠፍቶኝ ነበር ብላችሁ ታምናላችሁ? ሰው ሁሉ ተቀምጦ እኔ በር ላይ ቆሜ ራሴን አገኘዋለሁ፤ እዚህ እንደለመድነው።

ምዕራፍ ሁለት ላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ ተነስቶ ሳይመለስ ቀርቶ ነበር። ሩት ልትለቅም ስትወጣ ኑኃሚን ለምን ቤት ቀረች? አንዱ ወንድማችን አርጅታ ነው አለ። ሊሆን ይችላል፤ ለማግባት እንዳረጀች ራሷም ተናግራለች (1፥12)። ግን ከሞዓብ እስከ ቤተ ልሔም በእግሯ የመጣች ሴት ናት፤ ቃርሚያ ለመልቀም ታቅታለች ብዬ አላምንም። ጸሐፊው ምክንያቱን አልነገረንም፤ እኔ የማነበው እንዲህ ነው። ማሳው ላይ የሚያውቋት ሰዎች አሉ። ድሮ ባለ መሬት የነበረች ሴት ዛሬ ከሰው ማጭድ ኋላ ስታጎነብስ ያዩዋታል። ሩትን ማንም አያውቃትም፣ ስለዚህ መውጣት ትችላለች። እኔም ከተመለስኩ በኋላ ሁለት ወር ገበያ አልወጣሁም። በዚህ አገር የሰው ሽንት ቤት ሳጥብ አላፈርኩም፤ እዚያ ግን ሐይቅ ገበያ ላይ ሽንኩርት ለመሸጥ አፈርኩ። እዚህ ማንም የማን ልጅ እንደሆንኩ አያውቅም፣ እዚያ ሁሉም ያውቃል። አንዳንዴ ይህን ሳስብ ስደትን የምንወደው ለገንዘቡ ብቻ ላይሆን ይችላል እላለሁ።

በ2፥2 ላይ ኑኃሚን ለሩት የምትመልስላት መልስ በጣም አጭር ነው፤ ሂጂ ልጄ ትላታለች፣ በቃ። ወዴት፣ ከማን ጋር፣ ተጠንቀቂ፣ ምንም የለም። ልብ ያለው ሰው እንደዚያ አይመልስም። ማታ ሩት አንድ ኢፍ የሚያህል ገብስ ተሸክማ፣ ከምሳዋ የተረፋትንም ይዛ ስትመጣ (2፥17-18) ነው ኑኃሚን የምትነቃው። የት ዋልሽ ብላ ትጠይቃለች። ቤተ ልሔም ከገባች ወዲህ መልስ የምትጠብቅበት የመጀመሪያ ጥያቄዋ ይህ ነው። ምዕራፍ አንድ መጨረሻ ላይ ስለ ራሷ ብቻ ነበር የምትናገረው። አሁን ስለ ሌላ ሰው ውሎ ትጠይቃለች። የነቃችው በስብከት አይደለም፣ በምክርም አይደለም። ሰው ምሳውን ከፍሎ አስቀመጠላት። ይህን ስታነቡ ቶሎ አትለፉት።

ስለ ቦዔዝ ደግሞ ብዙዎቻችሁ የማትወዱትን እላለሁ። ሁላችንም ጀግና አድርገነዋል፤ «እንደ ቦዔዝ ያለ ይስጥሽ» የሚለው ምርቃትም ከጥናቱ ወዲህ በዝቷል። ግን 2፥11ን እዩት። ስለ ኑኃሚንና ስለ ሩት ሁሉንም እንደሰማ ራሱ ይናገራል። ሰምቷል! ሀብታም ዘመድ ነው፣ ማሳው ሙሉ ነው፣ ወሬው ደርሶታል። ሩት በአጋጣሚ ማሳው ላይ እስክትመጣ ድረስ ግን አንድ ቁና ገብስ እንኳ ወደ ኑኃሚን ቤት አልላከም። ክፉ ሰው ነው አላልኩም። እንደ ብዙ ጥሩ ዘመድ ነው፤ ሲያዩት ያዝናል፣ ካላዩት ይረሳል። ተመላሽ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ዘመድ ይመጣል ብሎ ቢጠብቅ ማንም እንደማይመጣ መጽሐፉ በግልጽ ያሳያል። ሄዶ ፊቱ መቆም ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ለተመለሰ ሰው ከሁሉ የሚከብደው ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ቦዔዝ አንድ ነገር ያደርጋል፣ ለዚያ አመሰግነዋለሁ። ነገሩን በጓዳ አይጨርስም። ወደ ከተማው በር ይወጣል፣ አስር ሽማግሌ ያስቀምጣል (4፥2)፣ የመሬቱን ጉዳይ በሰው ፊት ይናገራል። የቅርቡ ዘመድ መሬቱን እወስዳለሁ ይላል፤ ከመሬቱ ጋር ሰው እንዳለ ሲሰማ ግን የራሴን ርስት ያበላሽብኛል ብሎ ይተወዋል። ለመሬቱ እጁን ዘርግቶ ለሰው የሰበሰበ ዘመድ! መጽሐፉ ስሙን እንኳ አልጻፈውም። እኛ ግን ስሙን እናውቃለን፣ በየቤታችን አለ። የሆነው ሆኖ ሁሉም ነገር በምስክር ፊት አለቀ፤ ጫማ ወልቆ ተሰጠ፣ ሽማግሌዎቹ ምስክር ነን አሉ። እኔ ሦስት ዓመት ገንዘብ ስልክ አንድ ምስክር አልነበረኝም። ወንድሜን «ለቤቱ ነው» ብዬዋለሁ፣ እሱም «እሺ» ብሏል፤ በስልክ። እማዬ ዓይኗ ሲጠፋ «ለቤቱ ነው» ብሎ እምቢ ማለት ነበረበት? አልነበረበትም። ግን ቢደውልና «ከዚህ ላይ ለእማዬ ልውሰድ?» ቢለኝ፣ እኔም «ውሰድ» ብለው፣ ስመለስ ባዶዬን መጣሁ አልልም ነበር። የእማዬን ዓይን እኔ አሳከምኩ እል ነበር። ገንዘቡ ያው ገንዘብ ነው።

አንድ ሌላም ጥያቄ አለኝ፤ እስካሁን ማንም አልመለሰልኝም። አስር ዓመት ሙሉ የኑኃሚንን መሬት ማን ያርሰው ነበር? መሬት እንዳላት የምንሰማው 4፥3 ላይ ነው፣ ለሽያጭ ሲቀርብ። መሬት እያላት ምራቷ ቃርሚያ ትለቅማለች። አንድ ሰው አርሶታል፣ ወይ ጾሙን አድሯል። መጽሐፉ ይህን ዘለለው፤ እኔ ብሆን አልዘልለውም ነበር።

መጽሐፉ የማያውቀው የመመለስ ዓይነትም አለ። ኑኃሚን እንጀራ መኖሩን ሰምታ፣ በራሷ ፈቃድ ተነስታ ነው የሄደችው። በ2006 ዓ.ም. ከሳውዲ ከ160,000 በላይ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ሲመለሱ እንጀራ ሰምተው አልነበረም፤ ውጡ ተብለው ነው። በ2012 ዓ.ም. እዚሁ ቤይሩት ዶላር ጠፍቶ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ቆንስላው በር ላይ ከነሻንጣቸው ሲጥሉ፣ ሻንጣም ያልነበራቸው ነበሩ። እንደዚያ የተመለሰች ሴት ኑኃሚንን ስታነብ «እሷማ በፈቃዷ ነው» ብትል አልፈርድባትም። መጽሐፉን ለሁሉም ተመላሽ መልስ አድርገን አንስጠው።

ዖርፋስ? ዖርፋን ምን አደረግናት? ጥናቱ ላይ «ወደ ኋላ የተመለሰችው» እያልን ምሳሌ አደረግናት፣ የከዳተኛ ምሳሌ። ጽሑፉ ግን አንድ ክፉ ቃል አልተናገራትም። አለቀሰች፣ አማቷን ሳመች፣ ሄደች። ወደ እናትሽ ቤት ተመለሺ ያለቻትም ኑኃሚን ራሷ ናት (1፥8)፤ መርቃም ነው የሸኘቻት። አስር ዓመት የእስራኤላዊ ቤት የኖረች፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ የሌላት ሴት ወደ እናቷ ደጅ ስትደርስ ምን ተባለች? እዚያም ሴቶች አሉ፣ እዚያም ይቺ እሷ ናት እንዴ ይባላል። በመጽሐፉ ውስጥ ሁለት ተመላሾች አሉ፣ አንዷን ብቻ ነው የተከተለው። እህቶቼ፣ አብረናት ስናጠና ቆይታ ባለፈው ዓመት የሄደችው ልጅ አለች፤ ስሟን አልጽፍም። ከሄደች ወዲህ ስንቶቻችን ደውለንላታል? እኔ አንድ ጊዜ፣ ለገና።

መጨረሻው ላይ ግን ከመጽሐፉ ጋር አልስማማም፣ ወይም ገና አልገባኝም። ሁሉም ነገር በጋብቻና በወንድ ልጅ ይፈታል። ሩት ታገባለች፣ ኢዮቤድ ይወለዳል፣ ሴቶቹ ለኑኃሚን ልጅ ተወለደላት ይላሉ፣ ሕፃኑን ትታቀፈዋለች። እዚያ ቦታ ላይ እናንተ እልል አላችሁ። እኔ ግን የኑኃሚንን ድምፅ ፈለግሁ። ከ3፥18 በኋላ አንድ ቃል አትናገርም። በምዕራፍ አንድ ያን ሁሉ የተናገረች ሴት፣ ስሜን ለውጡት ያለች ሴት፣ በምዕራፍ አራት ዝም ብላ ልጅ ታቅፋለች፤ ስለ እሷ የሚናገሩት ጎረቤቶቿ ናቸው፣ ለልጁ ስም የሚያወጡትም እነሱ ናቸው። ደስ ብሏት ነው ዝም ያለችው? ሞልታ ነው? የሞቱት ሁለት ልጆቿ ትዝ ብለዋት ነው? አላውቅም። እኔ የማውቀው ስመለስ የመጣልኝ መድኃኒትም ይኸው አንድ መሆኑን ነው። «አግቢ፣ ውለጂ፣ ይረሳሻል።» ሰፈሩ ሁሉ ያዘዘልኝ። ሦስት ሽማግሌ መጥቶ ነበር። ያኔ እኔ የምፈልገው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ «እዚያ እንዴት ነበር?» ብሎ እንዲጠይቀኝ ነው፤ ሲጨርስም እንዳይመክረኝ። በሰባተኛው ወር ተመልሼ እዚህ መጣሁ። ገንዘብ አጥቼ ነው ብዬ ነው ለሰው የምናገረው።

ለመጽሐፉ ግን አንድ ነገር ልመስክር፣ እሱንም ያየሁት ሦስተኛ ጊዜ ሳነበው ነው። ኑኃሚን ማራ በሉኝ ብላ ለመነች። ማንም አላላትም። ሴቶቹም አላሏትም፣ ጸሐፊውም አንድ ጊዜ እንኳ በራሱ ቃል ማራ ብሎ አልጻፋትም፤ እስከ መጨረሻው ኑኃሚን ናት። በመጀመሪያ ቀን ይቺ እሷ ናት እንዴ ያሉት ሴቶች በመጨረሻው ምራትሽ ከሰባት ወንዶች ልጆች ትሻልሻለች ይሏታል (4፥15)። ባዶ ነኝ ስትል ያልመለሱላትን መልስ ያኔ መለሱላት። ጊዜ ወሰደባቸው። ከገብስ አጨዳ እስከ ስንዴ አጨዳ፣ ከዚያ ደግሞ ጋብቻና የእርግዝና ወራት፤ ከዓመት አያንስም። እኔ የሰጠኋቸው ሰባት ወር ነው።

ኮንትራቴ መስከረም ላይ ያልቃል፣ ማዳምም ትኬቱን እቆርጣለሁ ብላለች። ባለፈው ሳምንት ለእማዬ ደውዬ «ምን ይዤልሽ ልምጣ?» አልኳት። «ያቺ የተውሻት ነጠላሽ አለች፣ አጥቤ አስቀምጫታለሁ» አለችኝ። የጠየቅኋት ሌላ ነበር፤ ዝም አልኩ። ስለ ቡናው ቀን እስካሁን አላነሳንም። ቤት ስገባ መጀመሪያ እሱን አነሳለሁ ብያለሁ፤ እንዴት ብዬ እንደምጀምር ግን ገና አልያዝኩም።

ለሚቀጥለው እሁድ ምዕራፍ አንድን እንደገና እንድናነብ ወንድማችንን ጠይቄው ተስማምቷል። የከተማውን ሴቶች ቃል አንዷ፣ የኑኃሚንን ሌላዋ ታንብብ። ከእናንተ መካከል አንድ ጊዜ አገር ገብታችሁ የተመለሳችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ቢያንስ አራት ትሆናላችሁ። የመጀመሪያው ወር እንዴት እንደነበረ ንገሩን። ስለ ሻንጣው ሳይሆን ከሻንጣው በኋላ ያለውን። የዚያችን የሄደችውን ልጅ ቁጥር የያዘም ካለ ይዞልኝ ይምጣ፤ የእኔ ስልክ ላይ ያለው አይሠራም።